ግድግዳው ላይ የወፈረው ፈረስ

ፒርያል ሰዓሊው ፈሪ ነበር። ልሰድበው ብዬ አይደለም። በወዴሮ፣ በባላባት መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ሰው ጀግና ልሁን ካለ ጎጆውን አናቱ ላይ ጭኖ ለመሄድ መዘጋጀት አለበት። የፒርያል አንገት ደግሞ ቀጭን ነበር።

አባቱ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እሱ ግን ጭቃ ሰለቸኝ ብሎ ገና ጢም ሳያበቅል ወደ ሺካርፑር ከተማ ኮበለለ፤ የጭነት መኪና ከሚያስጌጡ ሰዓሊዎች ዘንድ ገብቶ ጣዎስ፣ ንስርና አንበሳ መሣል ተማረ። አንበሶቹ እርጎ የላሱ ድመቶች ይመስሉ ነበር። ሾፌሮቹ ግን ወደዱለት፤ የሚያስፈራቸው ነገር መንገዱ ላይ ሞልቷላ። አገሩ ሲመለስ ኡስታድ ተባለ፣ እንግዲህ ባለሙያ መሆኑ ነው። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሞተች። ልጂቱን፣ ሐኒፋንን፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦ እየሣለ አሳደጋትና ስትደርስ ወደ ታችኛው መንደር፣ ወደ እኛ ወደ ካላሪ ዳራት።

የፒርያል መንደር ሳንዋልፑርና የኛ ካላሪ የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነው። ቦዩ ትልቁ ግራር ዘንድ ሲደርስ መሐሉ ላይ የቆመ የጡብ ግንብ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ቀኙ ወደ ሳንዋልፑር፣ ወደ ወዴሮ ቃይም እርሻ ይሄዳል፤ ግራው ወደ እኛ። ታች የሚኖር ሰው የሚጠጣው ላይ ያለው ያስተረፈለትን ነው። እኛን ከዚህ ዕጣ ያዳነን ያ ግንብ ብቻ ነበር።

የግንቡ ምስክር ደግሞ ግድግዳ ነበር። በሳንዋልፑር ኦታቅ፣ ወንዶች እንግዳ በሚቀበሉበት፣ ሻይ በሚጠጡበትና ሐሜት በሚያመርቱበት አዳራሽ ውስጥ፣ የወዴሮው ቅድመ አያት ሳንዋል በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ውሃ ሲያካፍል የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ። ከእጁ በታች ቦዩ እኩል ለእኩል ተከፍሏል። ፊደል ለማይቆጥር ሕዝብ ሥዕሉ ውል ነው። የውሃ ጠብ በተነሳ ቁጥር ሽማግሌ ሁሉ ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ «ሳንዋል እንዳካፈለ» ብሎ ይምላል። የኛ ሰዎች ዳኛ ይጠራጠራሉ፣ ሐኪም ይጠራጠራሉ፣ የገዛ ወንድማቸውን ይጠራጠራሉ። ግድግዳውን ግን አይጠራጠሩም።

ችግሩ የኛ አገር ምድር ጨው መትፋቱ ነው። ጨዉ በግድግዳው ውስጥ እየወጣ ቀለሙን እንደ ቁስል ቅርፊት ያነሳዋል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ከመንደሩ የበዓል ገበያ በፊት፣ ፒርያል የተበላውን ፍቆ ሥዕሉን ያድሳል። ከምን አይቶ? ከአምናው። አምናውን ከምን አይቶ ሣለው? ከካቻምናው። ሳንዋልን በሕይወቱ ያየ ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ የመጀመሪያውን ሥዕል ያየም እንዲሁ።

ይህ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ወዴሮ ቃይም ነው። በዝባዥ ችኩል ነው፣ ቀምቶ ይሮጣል ብለው በራሪ ወረቀት የሚጽፉልን ወንድሞች ቃይምን አላዩትም። ለስላሳ ሰው ነበር። ሲቀማህ ትራስ ያቀርብልሃል።

«ኡስታድ» አለው አንድ ዓመት፣ ፒርያል መሰላሉ ላይ ሳለ። «ፈረሱ ከሳ አለብኝ።»

«ሳዪን፣ ጌታዬ፣ እንደ ድሮው ነው እኮ።»

«እንደ ድሮው ከሆነ ማን ይጋልበዋል? ዳሌውን ሞላ አድርገው። እንዳይጨናነቅ ደግሞ ግንቡን ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ አድርግለት።»

«ምን ያህል፣ ሳዪን?»

«አንድ ጣት።»

ፒርያል ከመሰላሉ ወረደ። «ሳዪን፣ የካላሪ ሰዎች ቢያዩስ…»

«ሐኒፋን ደህና ናት?» አለ ቃይም። «ጎጆህስ? ዘንድሮ አላፈሰሰም? የኔ መሬት ጥሩ መሬት ነው፤ ጎጆ ይይዛል።»

ፒርያል መሰላሉን መልሶ ወጣ።

በገበያው ቀን የኦታቁ በር አጠገብ ተቀምጦ የገቢውን ሁሉ ዓይን ያይ ነበር፤ ሻዩ እጁ ላይ በረደ። የኛ መንደር አለቃ ቻቻ ሚቶ፣ አጎት ሚቶ እንደ ማለት ነው፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የሚወርድ፣ ከራሱ ድምፅ ሌላ ድምፅ የማይወድ ሽማግሌ፣ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ራሱን ዘመም አደረገ። 

«ቁርጥ አምናውን!» አለ ሚቶ። «ኡስታድ፣ እጅህን አይንሳን!»

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጣት ሄደ። ከዚያም ሌላ። አንድ ዓመት ነጭ ቀለም አለቀበትና የሳንዋልን ጥምጥም ቀለል ባለ አረንጓዴ ቀባው። አቤት የተነሳው ሁከት! ሚቶ ከበሩ ሳያልፍ ጮኸ። «የአባታችንን ጥምጥም ማን ሰረቀ?» አንዱ ጫማውን አውልቆ ፒርያልን አባረረው፤ ሌላው ድርቅ የሚመጣው በእንዲህ ያለ ድፍረት ነው አለ። ያን ጊዜ ፈረሱ ከድሮው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የኛ ቦይ እንደ በቅሎ ልጓም ቀጥኗል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጥምጥሙ ታጥቦ ነጭ ሲሆን ሁሉም ረክቶ፣ ዓይን አለን እያለ፣ ጣፋጩን በልቶ ሄደ።

ፒርያል ከዚያ ቀን በኋላ መፍራቱን አላቆመም፤ የሚፈራው ነገር ግን ተለወጠ። በፊት ያዩታል ብሎ ነበር የሚፈራው። አሁን መቼም አያዩትም ብሎ ፈራ።

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» የምትሉ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ፤ ሲራመድ ያየው ማን ነው?

በመጨረሻ ወዴሮው ሲጠብቀው የኖረው ቀን መጣ። በበጋ ደርቆ የከረመው ቦይ ውሃ ሲለቀቅበት ሙላቱ ግራሩ ዘንድ ደረሰና የጡቡን ግንብ ነቅሎ ወሰደው። ግንቡ እስኪሠራ ቦዩ ተዘጋ። በካላሪ የሩዝ ችግኙ በመደቡ ላይ ተጨናንቆ ውሃ ይጠብቃል፤ ሴቶቹ ከእጅ ፓምፕ በባልዲ እያመላለሱ ነፍሱን ያቆዩታል። ፀሐዩ ችግኙን ከጫፉ እያወየበ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ቶሎ ተነቅሎ ማሳ ካልገባ የዓመቱ ጉርስ አለቀ፤ ሰው አምና እንደሄዱት ጎረቤቶቻችን ዕቃውን በግመል ጭኖ ወደ ከተማ ጡብ ፋብሪካ ይሰደዳል።

ሐኒፋን ከነባልዲዋ ወደ አባቷ ቤት መጣች። የሩዝ ቂጣና ጎመን ይዛለታለች።

«ባባ፣ ግንቡ የት ይቁም ተብሎ ነገ ሽምግልና አለ። ሚር ጉል ሐሰን ከሌላ ወረዳ ይመጣል፤ ለማንም የማያደላ ሰው ነው አሉ። በግድግዳው ይፈርዳል።»

«በግድግዳው» አለ ፒርያል። ቂጣውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«እንኳን ግድግዳው አለ! ያለዚያ ወዴሮው ይውጠን ነበር። ምነው አትበላም?»

«ሐኒፋን፣ ሥዕሉን ታስታውሺዋለሽ?»

«ትከሻህ ላይ ሆኜ አይደል ያደግሁት? የኛን ቦይ ሰማያዊ እኔ ነበርኩ በጣቴ የምነካው። መዳፌን ብዘረጋ አይሸፍነውም ነበር።» ሳቀች። «ከዚያ ትልቅ ሴት ሆንሽ ብለው በሩን ዘጉብኝ። ምን ሆነሃል፣ ባባ? ላብ አጠመቀህ።»

ነገራት። ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ጣት ጀምሮ። ሐኒፋን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «መልሰህ ሣለው» አለች።

«በአንድ ቀን? አረንጓዴውን ጥምጥም ረሳሽው? ዛሬ እኩል አድርጌ ብሥለው ነገ ገና ከበር ‹አጭበርባሪ! ለልጁ ብሎ ነው!› ይላሉ። እንደወሰድኩት ልመልሰው ካልኩ በየዓመቱ አንድ ጣት ነው። ችግኝሽ ያን ያህል ይቆያል?»

«አይቆይም» አለች። ባልዲዋን አነሳች። «ነገ እዚያው ትሆናለህ። አፍም አለህ።»

በማግስቱ ሚር ጉል ሐሰን የራሱን ውሃ በራሱ ኮዳ ይዞ መጣ፤ ከየትኛውም ወገን ስኒ አልነካም። አዳራሹ በሰው ታጨቀ። «በምን ልፍረድ?» ብሎ ጠየቀ።

«በግድግዳው!» አለ ሁለቱም ወገን። ከሁሉ በላይ የጮኸው የኛው ሚቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በየተራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ማሉ፤ ሥዕሉ የአባቶቻቸው ነው፣ ያሳየውን ይቀበላሉ። ማሉ እንጂ አላዩም። ያዩታል ብሎ የሚጠብቅም አልነበረም፤ ዕድሜ ልኩን የሚያየውን ነገር ማን ደግሞ ያየዋል?

ከዚያ ሚር ጉል ሐሰን ገመድ አውጥቶ የሥዕሉን ሁለት ቦይ ለካ። የወዴሮው ቦይ ስንዝር ሆነ። የኛው በፈረሱ ዳሌ ሥር የምትሽሎከሎክ አንድ ጣት።

 ሚቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ይሄ… ይሄማ…» አለ።

«ምን ሆነ፣ ቻቻ?» አለው ቃይም በለሰለሰ ድምፅ። «ተለውጧል?»

እዚህ ላይ ሚቶ ማለት የሚችለው ነገር ሁለት ነበር። «አዎ» ቢል በየአርቡ እፊቱ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ የኖረበትን ሥዕል አላየም ማለት ነው። ሚቶ ደግሞ ውሃ ከሚያጣ ክብሩን ቢያጣ የሚሻለው ዓይነት ሰው አይደለም።

«እንደ ድሮው ነው» አለ።

«እንግዲህ ተሳስቶ የኖረው ግንቡ ነው» አለ ቃይም። «እኛ በጎረቤት ፍቅር ዝም ብለን ኖርን። አሁን እንደ ሥዕሉ ይሠራ።»

ሚር ጉል ሐሰን ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ግንበኞቹ ኖራውን ውጭ እያቦኩ ነበር፤ ፍርዱ ከበር ሲወጣ ግንቡ ይቆማል፣ ከቆመ በኋላ በመሐላ የጸናን ነገር የሚያፈርሰው የለም። ገመዱ ሊያልቅ ሲል ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ተነሳ። 

«ሳዪን፣ እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኩት» አለ ፒርያል። «በየዓመቱ አንድ ጣት። ታዝዤ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው የሳንዋልፑር ወገን ነው። መጀመሪያ የተቆጣው ግን የኛ ወገን።

«እኔን ነው ዕውር የምትለው?» ብሎ ሚቶ ዱላውን መሬት መታ። «አንተ ድመት ሣይ! እፊቴ አንድ ጣት ሄዶ እኔ አላይም?»

«ቻቻ፣ ጢምህን በየጠዋቱ በመስተዋት ታየዋለህ» አለ ፒርያል። «የሸበተበትን ቀን ንገረኝ።»

አንዳንዶች ሳቁ፣ ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡት። የሚቶ ጣት ሳያስበው ጢሙን ነካ።

«የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ አናቱ ላይ ወጥቶበታል» አለ ቃይም። «ምስኪን። አውጡትና አየር ይንፈሰው።» የወዴሮው ሎሌ ዲሉ የፒርያልን ክንድ ያዘ።

«ተወው» አለ ሚር ጉል ሐሰን። «ኡስታድ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ሥዕሉን ሁልጊዜ አይቷል፤ ሁሉም እንደ ድሮው ነው ይላል። ምስክርህ ማን ነው?»

«ሁልጊዜ ያላዩት፣ ሳዪን።»

«ያላየ እንዴት ይመሰክራል?»

«ልጅ ሆነው ያዩት፣ ከዚያ የተከለከሉት። ሴቶቹ። ለገበያው ጣፋጭ ሊቀበሉ እዚህ ይገቡ ነበር፤ አድገው በሩ ከተዘጋባቸው በኋላ አንዲት ጣት እንኳን ስትሄድ አላዩም። ያው የጥንቱ ነው ዓይናቸው ውስጥ ያለው።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ሴት ኦታቅ ውስጥ! የኛ ሰዎች ከውሃው ይልቅ ስለዚህ ነገር ተቆጡ። ከሁሉም የተረጋጋው ቃይም ነበር። ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያንን ሥዕል ሲያይ የኖረው እሱ ነው፤ ምናልባት ፈረሱ ድሮም እንዲህ ወፍራም የነበረ ሳይመስለው አይቀርም። «ይምጡ» አለ እጁን እያወዛወዘ። «ሴት ልጅ ከረሜላውን እንጂ ግድግዳውን ታስታውሳለች? የገዛ እህቴንም ጥሩ። ታጅ ቢቢ ከሁላችንም በላይ ታማኝ ናት።»

ስለዚህ ወንዶቹ ወጡ። ባለ ዱላው፣ ባለ ጢሙ፣ መሐላ አዋቂው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ግቢ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተደርድሮ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ ተከናንበው ባጠገባቸው አልፈው ገቡ። ከካላሪ የመጡት እጃቸው ከባልዲ ገመድ የቆሰለ ነው። ሐኒፋን አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። ሚር ጉል ሐሰን መስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና «ያያችሁትን ተናገሩ» አለ።

ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ዲሉ ለፒርያል በጆሮው «ይሄ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ጎጆህን ፈልጋት» አለው። ፒርያል ዓይኑን ጨፈነ።  ሚቶ «አልኳችሁ» ሊል አፉን አዘጋጀ።

«እናንተ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። በልጅነቷ ኦታቁን ትጠርግ የነበረች የካላሪዋ አማ ሴንጋር ናት። «ይሄ ፈረስ ነው ጎሽ? ማን ነው እንዲህ ያደለበው? የኛ ውሃ የታለ? ቂጡ ሥር ገባ?»

ሴቶቹ ባንድ ላይ ተንጫጩ። ግራሩ ያዘመመው መቼ ነው፣ ግንቡ እዚህ አልነበረም፣ የኛ ሰማያዊ እስከዚህ ይደርስ ነበር። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ያጠኑ ጀመር።

«የካላሪ ሴት ለካላሪ ትናገራለች» አለ ቃይም። ድምፁ ግን ትራሱን ጥሎ መጥቷል። «ታጅ! አንቺ ተናገሪ!»

ታጅ ቢቢ ሰዎቹ በምን እንደተጣሉ የነገራት አልነበረም፤ ለወንድሟ ክብር መጣች እንጂ። ድምፅዋ ቀስ ብሎ መጣ።

«ቃይም ወንድሜ፣ ልጆች ሆነን ሽማግሌዎቹ ሲተኙ እዚህ እየገባን አንተ በቀኙ ቦይ እኔ በግራው ክንዳችንን እያስተኛን እንለካ አልነበረም? እኩል ስለሚሆን እየተናደድክ ታለቅስ ነበር። አሁን ያንተው ይገባል፤ የኔን የት ላስተኛው? ማን ነው ያበላሸብን?»

ቃይም ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ። 

ሚር ጉል ሐሰን ገመዱን ኪሱ ከተተ። «ግንቡ መሐል ላይ ይቆማል። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ።»

የኛ ሰዎች ወደ ቦዩ ሲወርዱ ዘፈን ጀመሩ። ሚቶ ከፊት ነበር። ግራሩ ጋ ሳይደርስ ለአምስት ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ «እኔማ ከጥንቱም አይቼዋለሁ። ጠብ ላለማንሳት ዝም ብዬ ነው።» የተቀሩትም አይተውት ነበር። ካላሪ በአንድ ጊዜ አስተዋይ መንደር ሆነች፤ ያላየ ሰው ብትፈልግ አታገኝም።

ግንበኞቹ መሐሉን የሚይዝላቸው ሰው ጠየቁ፤ ኖራው እስኪይዝ ድረስ ገመዱን ወጥሮ እንጨቱን የሚደግፍ። ሚር ጉል ሐሰን «ፒርያል ይግባ» አለ። «ሁለታችሁም እኩል የምትጠሉት ሰው እሱ ነው።»

ፒርያል ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። ጡቡ በጡብ ላይ ሲቆም እሱ እንጨቱን አቅፎ ቆመ። ከቀኙ ዳር ዲሉ ቁጢጥ ብሎ «ጎጆህን ሰዎች እያፈረሱልህ ነው። ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብትል ያቆማሉ» አለው። ከግራው ዳር ደግሞ ሚቶ ጢሙን ወደ ውሃው አንጠልጥሎ ጎንበስ አለ።

«ኡስታድ፣ አሁን የኛ ሰው ነህ። ልጅህን አስብ። ትንሽ ወደነሱ ገፋ አድርጋት፤ ማን ያያል?»

ፒርያል እንጨቱን አጥብቆ አቀፈ። እጁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልተንቀሳቀሰም። ፀሐዩ ከግራሩ ወዲያ ዞረ። ከላይ የቦዩን በር ከፈቱት። ቡናማው ውሃ ቅጠልና ገለባ እየገፋ መጣ፣ ጉልበቱን መታው፣ ግንቡ ላይ ተሰነጠቀና በግራ በቀኙ እኩል አለፈ። የካላሪ ሴቶች ዶማቸውን ይዘው ወደየመደባቸው ሮጡ። ሐኒፋን ከሁሉ ቀድማ ነበር፤ ዞር አላለችም፣ ችግኙ ጊዜ አልነበረውም።

ወንዶቹም ከውሃው ጋር እየሮጡ ወረዱ። ዳሩ ላይ የቀረው ሚር ጉል ሐሰን ብቻ ነው። ኖራውን በጥፍሩ ነካካው።

«በቃ፣ ይዟል» አለ። «ልቀቅና ውጣ።»

«ሳዪን» አለ ፒርያል፣ እንጨቱን እንዳቀፈ፣ «ትንሽ ይቆይ። አንድ ጣት እንዳይሄድ።»